ያልወጣው ፖርት

«ሳል ሳል በይ እስቲ» አለቻት ነርሷ። ልብስ ሰፊዋ ሳል አለች። ወደ ሲሪንጁ ግን ደም አልመጣም።

ነርሷ ፊቷን ቅጭም አደረገች። «ክንድሽን ወደ ላይ አንሺ።» ነገር አለ፣ አለች ልብስ ሰፊዋ በሆዷ።

ከአንገት አጥንቷ በታች፣ ከቆዳዋ ስር፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያህል ነገር ተቀብሯል። ፖርት ይሉታል። ያ ሁሉ የካንሰር መድኃኒት የገባው በእሱ በኩል ነው። ሕክምናው ካለቀ ቆየ፤ እሷ ግን እንዳይደፈንባት በየጊዜው እየመጣች ታሳጥበዋለች።

አለቀ ካሉ ለምን አያወጡትም? ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ስፌቱ ባለቀ ልብስ ላይ ስፒል አይተውም፤ ከተተወ ገና የሚቀር ሥራ አለ ማለት ነው። ሐኪሙን እንዳትጠይቀው መልሱን ፈራች። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

ታላቅ ወንድሟስ ቢሆን! ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚለው፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አፉ ሥራ የማይፈታው ሰውዬ፣ ዛሬ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ባለፈው ቀጠሮም ሐኪሙ ዘንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ሲያንሾካሹክ ነበር። ምን ስታወራ ነው ስትለው «መንገድ እየጠየቅኩት» አላት። ሐኪም የምን መንገድ ያሳያል?

«መጣ!» አለች ነርሷ። ደሙ ወደ ሲሪንጁ ገባ። ከዚያ ማጠቢያውን የጨው ውሃ ስትገፋው ልብስ ሰፊዋ አፏን ጨው ጨው አላት።

«ሲስተር፣ በናትሽ አትደብቂኝ። ተመልሶብኛል አይደል?»

«ምኑ?»

«በሽታው ነዋ! ካልተመለሰ ይሄን ለምን አታወጡልኝም?»

የነርሷ እጅ ቆመ። «ሐኪሙ እኮ ድነሻል፣ ይውጣ ብሎ ነበር። አንቺ ትንሽ ይቆይ ብለሻል ብለው ወንድምሽ ነገሩን።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ወደ በሩ አዞረች። «ወንድም ጋሼ?»

ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ጃንጥላ የያዝሽ ቀን ዘንቦብሽ ያውቃል? ጥለሽው የወጣሽ ቀን ነው ዶፉ የሚወርደው። እኔ እኮ… በሽታው የፖርቱን መውጣት ሰምቶ ቢመለስስ ብዬ ነው።» ትልቁ ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አንተ ሰው! እኔ እዚህ በቁሜ ሞቼልሃለሁ!» ጮኸችበት። በጣም ተናዳለች። ደስታው ግን ከንዴቱ በለጠባትና መሃል ላይ ሳቋ አመለጣት። ድናለች። እሱም እያለቀሰ አብሯት ሳቀ።

ነርሷ ደም እንዳይረጋበት የሚያደርገውን መድኃኒት አስገባች፤ መርፌውን ነቅላም ፕላስተር ለጠፈችባት። «በሉ፣ ይሄ ነገር ይውጣ። ለሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ ልያዝልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። ነርሷ ትጠብቃለች። ወንድሟ ትንፋሹን ውጦ ያያታል። የወንድሟ ጃንጥላ ግን ትዝ አላት። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ደረቷ ወጣና ፕላስተሩን ሸፈነው።