ፊታውራሪን ማን ወሰደው?

ሕሩይ አውሮራ ከተማ ያለውን አበሻ ሁሉ በሁለት ከፍሎታል፦ ዓሣ የሚያውቅና ዓሣ የማያውቅ። ከሚያውቀው ወገን ያለው እሱ ብቻ ነበር።

የኤርፖርት ታክሲውን አቁሞ ሲገባ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ኩሬ ይወርዳል። የሚያጠምደው ብሉጊል የሚሉትን ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ዘዴውን ከቪዲዮ ተምሯል፤ መካከለኞቹ ለመጥበሻ፣ ትልልቆቹ አውራዎች ተመልሰው ወደ ውሃ። አውራዎቹ ከተለቀሙ ኩሬው የድንክ መፈልፈያ ይሆናል። ይህን ለማያውቅ ሁሉ ያስረዳል፤ አስረድቶም ይስቅበታል።

ከአውራዎቹ አንዱን ፊታውራሪ ብሎ ሰይሞታል። ደረቱ ብርቱካን የመሰለ፣ ከመዳፍ የሚተርፍ ዓሣ ነው። ይዞ ለቆታል፤ ደግሞም ይዞ ለቆታል። ትንሽ ቢያድግ የስቴቱ መንግሥት ለትልቅ ዓሣ የሚሰጠውን ሰርተፍኬት ያስገኝለታል። ሳሎን ውስጥ የሚሰቀልበትን ቦታ ሳይቀር መርጧል።

እራት ላይ ለሚስቱ ለኮከብ የሚያወራላት ይህንኑ ነው። አውራዎቹ የትኛው ጥግ እንደሚሰበሰቡ፣ ምን ዓይነት ትል እንደሚወዱ፣ መቼ እንደሚነክሱ። አንድ ቀን አንዱን ትልቅ እንዲያመጣላት ብትጠይቀው፣ ከሆድ በላይ የማያስብ ሰው ስለ ዓሣ ባያወራ ይሻላል አላት። ኮከብ ሳህኑን አነሳች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም እንዳዘዛት ጠዋት ጠዋት ባለጎማ ቦርሳዋን እየጎተተች ኩሬውን ዞራ፣ ሸመታዋን ጨርሳ ትመለሳለች።

ሰኔ ላይ አውራዎቹ ጠፉ። ሕሩይ እስኪመሽ ቆሞ የሚያወጣው ጣት የሚያክል ብቻ ሆነ። ፊታውራሪም የለም።

ጥርጣሬው ሩቅ አልሄደም። የቤቱን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ የተከራየው ጣሰው ኤርፖርት የመንገደኞችን ዊልቸር ይገፋል፤ ከአገር ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። በእረፍት ቀኑ ባልዲ ይዞ ወደ ኩሬው ሲወርድ ታይቷል። ያገኘውን ሁሉ የሚያግበሰብስ ሆዳም ነው ሲል ሕሩይ በልቡ ፈረደበት።

ቅዳሜ ዕለት መንገድ ላይ አስቁሞ ባልዲውን አስከፈተው። ውስጡ ያሉት ትንንሽና መካከለኛ ብቻ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከነገሩኝ ወዲህ ትልቅ ወስጄ አላውቅም» አለ ጣሰው። «ትልልቁን ሁሉ መልሼ ሪሊዝ ነው የማደርገው።»

«ትልቁንማ ቀድመህ በልተኸዋል» አለ ሕሩይ፣ ቤቱንም በዚያው ቀን እንዲለቅ ነገረው።

ጣሰው አልተከራከረም። ሻንጣውን ይዞ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር አንድ የሚያውቀው ሰው ዘንድ ሄደ። ሕሩይ ግን በዚህ አልረካም፤ ታክሲ ተራው ላይ ወሬውን ሲነዛ ዋለ። እስኪመሽ ድረስ ጣሰው ሌባ መሆኑን ያልሰማ ሾፌር አልነበረም።

ማታ ኮከብ የሰኔው ጾም ከገባ ወዲህ ያስለመደችውን የዓሣ ዱለት አቀረበች። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሕሩይ ለራሱ እንደሚመች አድርጎ ከዘጋው ቆይቷል። እየጠቀለለ እየጎረሰ ጣሰውን ማባረሩን ነገራት።

ደነገጠች። ምን አጥፍቶ ነው ስትል ጠየቀችው።

«ኩሬው ውስጥ አውራ የሚባል አላስቀረማ! ትንንሾቹን ቢወስድ ምን ነበረበት?»

ኮከብ ዱለት በጭልፋ ጨመረችለት።

«ትንንሾቹንማ እንዴት ይወስዳል?» አለች። «እኔ እንኳ ይደጉ ብዬ መልሼ ነው የምጥላቸው።»