ጢም የተያዘበት ካርድ

ጋሼ መቀነስና ሮኬት ስለ ግራፊክስ ካርድ መከራከር ሲጀምሩ ፎቁ በሙሉ ሥራ ይፈታል።

ጋሼ መቀነስ የኮምፒውተር ፋብሪካው የግዢ ኃላፊ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ሻጭ ባዩ ቁጥር ሰላምታ ሳይጨርሱ «ትንሽ ቀንሱ እንጂ!» ስለሚሉ ነው። ሮኬት ደግሞ ወጣቱ መሐንዲስ ነው፤ ፍጥነት ከተባለ ነፍሱን አያውቅም።

የዘንድሮው ጭቅጭቅ ለተራ ቤተሰብ በሚሸጠው አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ የትኛው ካርድ ይግባ የሚል ነበር። ሮኬት ሦስት ማራገቢያ ያለውን፣ ክንድ የሚያህለውን መረጠ። ጋሼ መቀነስ አንዲት ማራገቢያ ያላትን ትንሿን። ካርድ ባይገባም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሱም ለክፉ ቀን የሚሆን ምስል ያወጣል፤ እሱን ግን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

«ያንተ ካርድ እንደ ወፍጮ ይጮሃል» አሉ ጋሼ መቀነስ። «ሰው ሳሎኑ ውስጥ ወፍጮ ምን ያደርግለታል?»

«የእርስዎ ደግሞ ኳሱን የሚያሳየው ጎል ከገባ በኋላ ነው!»

ነገሩ ከሮ ከሮ ጢም አስያዙ። የተሸነፈ ይላጫል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የጋሼ መቀነስ ጢም ከፋብሪካው በዕድሜ ይበልጣል፤ ጫፉን ሳያሾሩ ውል አይፈርሙም። ሮኬት ደግሞ ሠርጉ ደርሷል፤ እጮኛው «ያለ ጢም ሕፃን ትመስላለህ፤ ተላጭተህ ብትመጣ አላውቅህም» ብላዋለች።

አለቃቸው ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት ዳኝነቱን ተቀበለች።

«ሁለቱንም ኮምፒውተር ራሴ አዘጋጃለሁ። ሣጥናቸውን አሽጌ ነው የማመጣው። የቱ የማን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። ምላጩም እኔ ጋ ይቀመጥ።»

በማግስቱ የታሸጉትን ሣጥኖች በጋሪ እየገፋች መጣች። ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችው ቦርሳ ተወጥሮ ዚፑ አልዘጋ ብሏል።

ሮኬት ላግዝ ብሎ አንዱን አንስቶ በግራ በኩል አስቀመጠ። ቀለለው። «ይቺ የጋሼ ናት፤ የኔ ቀኙ ነው» አለ በልቡ፣ ፊቱም በራ።

ጋሼ መቀነስም ወገባቸውን ያዝ አድርገው ሁለተኛውን ቀኝ አኖሩት። እሳቸውንም ቀለላቸው። «የኔዋ እመቤት!» ብለው ጢማቸውን አሾሩ።

ፈታኞቹ ከውጭ የተጋበዙ ቤተሰብ ነበሩ፤ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ሚስቱና እናቱ።

ሹፌሩ በሁለቱም ላይ ኳስ አየ። «ግራው» አለ። ሮኬትና ጋሼ መቀነስ እኩል ፊታቸው ጠቆረ።

ሚስቱ ከእህቷ ጋር በቪዲዮ ተሳሳቀች። «ቀኙ» አለች። ሁለቱ እኩል ፈገግ አሉ። ሮኬት የጋሼን ፈገግታ አይቶ ነገሩ አላማረውም። እኚህ ሰው ምን ተንኮል ሠርተው ይሆን? ጋሼም በጎሪጥ አዩት።

ሁሉም ነገር እናትየው እጅ ላይ ወደቀ። የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ላይ ሲያገላብጡ ሮኬት ትንፋሹን ዋጠ፤ ጋሼ መቀነስ ጢማቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ሁለቱም እንዴት ደስ ይላሉ! ድምፃቸው እንኳ አይሰማም» አሉ እናትየው።

«አንዱን ይምረጡልን፣ እማማ» አለ ሮኬት።

«እንግዲያው ቀኙ ይሁን። ወንበሩ ይመቻል።»

«አሸነፍኩ!» ብለው ሁለቱም እኩል ዘለሉ። እኩልም ደርቀው ቀሩ።

«ምን ያስዘልልሃል? ቀኙ የኔ ነው!»

«የእርስዎ ግራው ነው! ማታ ገብተው ቀይረውታል!»

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ የቀየርከው፣ ጮሌ! ላጩት ይሄን ልጅ!»

«እትዬ፣ ፍረጂን!» ብሎ ጮኸ ሮኬት።

አለቃቸው የተወጠረውን ቦርሳዋን ከፈተችና ሁለቱን ካርዶች፣ ትልቁንም ትንሿንም፣ ማሸጊያቸው እንኳ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ከዚያ ምላጩን አወጣችና «ማን ይቅደም?» አለች።