የመሪጌታ ምርጫ

ሰሎሜ አባቷን መሪጌታ ሀዳነን ከድብ ባሕር አስመጥታ ጎንደር ፒያሳ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያስገባቻቸው፣ ዜማ የሚያዳምጡበት ዕቃ ልትገዛላቸው ነበር። ባለሱቁ ከኪስ የምትገባ የድምፅ ማጫወቻና መዳፍ የምታክል ታብሌት ከባንኮኒው ላይ አኖረላት።

“ታብሌቷ ለዜማ ብቻ አይደለችም፤ ያሻሽን ፕሮግራም ትጭኚባታለሽ። የሰው ንግግር ሰምታ በጽሑፍ የምታወጣም አለ” አላት።

“ለአባባ ጽሑፍ ምን ያደርግላቸዋል? ዜማው ይበቃቸዋል” አለችና የማጫወቻዋን ማዳመጫ በጆሯቸው ሰካችላቸው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ጸናጽል የያዘ ይመስል ቀስ እያለ ይወዛወዝ ጀመር። “ሸጋ ነው! ይችኑ ግዥልኝ” አሉ።

ባለሱቁ ግራ ተጋብቶ ሰሎሜን አያት። “እኅቴ፣ ገና እኮ አልከፈትኋትም።”

ሰሎሜ ክው አለች። ያን ሁሉ ደቀ መዝሙር ዜማ ሲስት በጆሯቸው ለይተው ያቀኑ አባቷ! “አባባ!” ብላ ጮኸች፤ እጃቸው መወዛወዙን አልተወም። ታብሌቷን አነሣችና “ከመቼ ጀምሮ ነው?” ብላ በትልልቁ ጻፈችባት፤ ትከሻቸውን ነክታም አሳየቻቸው።

መሪጌታ አነበቡ። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና፣ መንገደኛው ሁሉ ወደ ሱቁ እስኪዞር ድረስ ጮኸው፣ “ከፋሲካ ወዲህ ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪብኝ!” አሏት።