በአንድ ድምፅ

ዕቅድ ማለት እግር ከመነሣቱ አስቀድሞ አሳብ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሳያቅድ የሚሄድ ሰው ይጠፋል፤ ያቀደ ሰው ግን የጠፋበትን ቦታ በስሙ ያውቀዋል።

ሦስቱ ወዳጆች ይህን አጥብቀው ያምናሉ። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ሻጭ ሆኖ ሳለ ዶክተር የሚባለው ነው። ሦስተኛው፣ የልብስ ሰፊው እህት ባል፣ በወጣትነቱ እግር ኳስ ያጫውት ስለነበር እስከ ዛሬ ዳኛው ይባላል። ለሦስት የሚያገለግል አንድ የባቡር ማለፊያ ገዝተዋል። ማኅተም ካረፈበት ቀን አንሥቶ ለሁለት ሳምንት፣ በጎረቤት አገሮች ሁሉ፣ በፈለጉት ባቡር ያስኬዳል።

የልብስ ሰፊው ምኞት ባሕር ማየት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ ሲቆርጥ ኖሯል። አሁን ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም "ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ አታዘግየው" ብሎታል።

ስብሰባው የሚካሄደው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ መቀመጫዎች ከመፋጠጣቸው የተነሣ ጉልበት ከጉልበት ይነካካል። ዳኛው ሻይ ይቀዳል፤ እንዳይፈስ ግን ብርጭቆውን ከግማሽ አያሳልፍም። መጋረጃውንም ያስዘጋው እሱ ነው።

"በመስኮት የሚያይ ሰው አያቅድም" አለ። "በአንድ ድምፅ እስክንስማማ አይከፈትም።"

ያለ አንድ ድምፅ ያደረጉት ነገር የለም። ዳኛው ሚስቱን ያገባው እንኳ በሁለተኛው ስብሰባ ጸድቆለት ነው።

ያስቸገረው ዶክተር ነው። ወዴት እንደሚሄዱ ሳይወሰን፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ማለፊያውን ማኅተም አስመታው።

"ምን አጣደፈህ?" አለ ልብስ ሰፊው።

"ግዴታ ነዋ!"

ከዚያ ወዲህ ባሕር በተባለ ቁጥር ሰበብ አያጣም።

"ባሕር ነፋስ አለው። ለጆሮዬ አይሆነኝም።"

"ተራራስ ነፋስ የለውም?"

"የተራራ ነፋስ ደረቅ ነው፣ ወንድሜ።"

"እንግዲያው አንተ ጆሮህን ይዘህ ቅር፤ እኔ ዓይኔን ይዤ ልሂድ!"

"ማለፊያው የጋራ ነው" አለ ዳኛው። "ተው፣ አትጯጯሁ።"

አንድ ባለኮፍያ ሰው አልፎ አልፎ አንኳኩቶ ብቅ ይላል። በካርታ የተሸፈነውን ጠረጴዛ አይቶ "አሁንም አልተስማማችሁም?" ይላል። "ገና ነው" ይሉታል። ራሱን ነቅንቆ በሩን ይዘጋል።

አንድ ጠዋት ዶክተር ራሱን በሻሽ ጠቅልሎ ማቃሰት ጀመረ።

"ጆሮዬን! የሆነ እርጥብ ነፋስ ይገባል።"

"ደግሞ ጀመረህ!" አለ ልብስ ሰፊው። "ስለ ባሕር ስናወራ እንኳ ያምሃል?"

ባለኮፍያው ብቅ አለ። "ዛሬ ውጪው ያምራል። ምናለ መጋረጃውን ብትከፍቱት?"

"ስብሰባ ላይ ነን" አለ ዳኛው።

ቀኑ ነጎደ። ዶክተር ሆን ብሎ ያዘገየናል የሚለው የልብስ ሰፊው ጥርጣሬ ወደ እርግጠኝነት ተለወጠ፤ በመጨረሻው ቀን ትዕግሥቱ አለቀ።

"ካንተ ጋር መነጋገር ውሃ መውቀጥ ነው! የትም መድረስ አትፈልግም። ማለፊያው እስኪቃጠል በወሬ ልታከርመን ነው። እኔ ደግሞ ሳላየው ልታወር ነው።"

ዶክተር ካርታውን አጠፈ።

"እሺ። ለዓይንህ ስል ባሕር ይሁን። ጆሮዬን በጥጥ እደፍነዋለሁ።"

"በአንድ ድምፅ ጸድቋል!" አለ ዳኛው።

ልብስ ሰፊው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ዶክተርን አቅፎ ሳመውና መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ገለጠው።

ከሁለት ሳምንት በፊት የተሳፈሩበት ጣቢያ ቀስ እያለ መጥቶ መስኮቱ ፊት ቆመ፤ የዳኛው ሚስትም ልትቀበላቸው እጇን ታውለበልብ ነበር።

ባሕሩን ያለፉት ዶክተር ጆሮውን ባመመው ጠዋት ነው።