ከሱቄ የሚታየው በር

ሱቄ ደርሼ ስልኩን ስከፍት ሚስቴ እየሳቀች ነበር።

የምትስቀው ከናሆም ጋር ነው። ናሆም እዚህ ነገሌ ሞባይል ይጠግናል፣ ዲሽ ይተክላል። ካሜራ ያለውን የበር ደወል የውጪ በራችን ላይ እንዲገጥምልኝ ጠዋት ቤቴ የወሰድኩት እኔ ራሴ ነኝ። ገጥሞ ሲጨርስ፣ «ጋሽ ፋዲል፣ አንቱ ሱቅ ይሂዱና ከዚያ ሆነው ይሞክሩት። ከሩቅ ካልሠራ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም የገዛሁት ለሩቅ ነው።

በየሳምንቱ ማክሰኞ ጨርቅና ጫማ ጭኜ ፊልቱ ገበያ እሄዳለሁ፤ የምመለሰው ሐሙስ ነው። ሁዳን ካገባኋት ሦስት ዓመቴ፣ ልጅ ገና የለንም። እኔ አርባ አራት ነኝ፣ እሷ ሃያ ስድስት። ባለፈው ወር ጎረቤታችን፣ ሳልጠይቃት፣ «ረቡዕ ዕለት በራችሁ ላይ ባጃጅ ብዙ ቆሞ ነበር» አለችኝ። ሁዳን ግን አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ትመልስልኛለች፤ ማመንና አለማመኑ እኔው ጋ ይቀራል። ደወሉን አዲስ አበባ ካለ ዘመዴ አስመጣሁና፣ «ሌባ በዝቷል» አልኳት።

ስልኩ ላይ ሁዳ ለናሆም ውሃ በብርጭቆ ሰጠችው። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ጠዋት ልብ አላልኩትም ነበር። ጠጥቶ አንድ ነገር ተናገረ፣ እሷም ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ደግማ ሳቀች። ከእኔ ጋር እንዲህ ስቃ አታውቅም እንዳልል፣ የተጋባን ሰሞን ስቃለች።

«አካም፣ ነጠላ ጫማ አለ?» አለች አንዲት ደንበኛ።

«የለም» አልኳት። ጫማው ከጀርባዬ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ሴትዮዋ ጫማውንም እኔንም አይታ ሄደች።

ድምፁ የሚከፈትበትን ምልክት ፈልጌ አገኘሁትና ነካሁት።

«…ሰው በመጣ ቁጥር ስልኩ ይነግራቸዋል» ይላል ናሆም። «ሌባ ቢመጣ ፊልቱ ሆነው ያዩታል።»

«ለሌባ እኮ አይደለም» አለች ሁዳ።

ናሆም መፍቻውን ኪሱ ከተተ።

«አሁን ያየናል?»

«ሱቅ ከደረሱ ያዩናል። ድምፁንም ከከፈቱ ይሰማሉ።»

ሁዳ ወደ ካሜራው ተጠጋች። ፊቷ ስልኩን ሞላው።

«ፋዲል፣ ጎረቤታችን ለአንተ የነገረችህን ለእኔም ነግራኛለች። ያን ዕለት ሆዴን አሞኝ መቆም አቅቶኝ ነበር። ባለባጃጁ ጤና ጣቢያ አድርሶ መልሶኝ፣ የምታስታምመኝ ሴት በስልክ ጠርቶ እስክትመጣልኝ በሩ ላይ ቆመ። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታየኛለህ እንጂ አታናግረኝም።» በቁጣ አልነበረም የምትናገረው፤ የቲማቲም ዋጋ እንደሚነግር ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቼ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ «የትኛው ባለባጃጅ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህን በናሆም ፊት ለምን ተናገረች የሚል። ታማ እንደነበር ያሰብኩት ሦስተኛ ላይ ነው።

«አንተ» አለችው ናሆምን፣ «ፍታውና ወደ ግቢ አዙረው።»

«እህቴ፣ ወደ ውስጥ ከዞረ እኮ ደወልነቱ ይቀራል።»

«ይቅር። እኛን ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። ሊያይ የፈለገው እኔን አይደል?»

ናሆም እኔን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሁሉ ካሜራውን አንዴ አየት አደረገና መፍታት ጀመረ። ሰማዩ ታየኝ፣ ከዚያ መዳፉ፣ ከዚያ ግቢዬ። ቢጫ ጀሪካኖች፣ ገመድ ላይ የተሰጣው የእኔ ሸሚዝ። «በይ ናጋቲ» ብሎ ተሰናብቷት ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ከዚህ በኋላ ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። ሌላ ሰው ከቤት የሚወጣ ይመስል አፈጠጥኩ።

የወጣችው እሷ ናት። ምሳዋን በትሪ ይዛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ካሜራውን አላየችውም። ትቆርሳለች፣ ታኝካለች፣ ደግሞ ጉርሻዋን እንደያዘች ትቆያለች። የሚያናግራት የለም። ማክሰኞም ረቡዕም እንዲህ ነው የምትበላው ማለት ነው። ሰኞም፣ እኔ እዚሁ ከተማ እያለሁ ሱቅ በራፍ ላይ ከሰው ጋር ስበላ።

ማይክ ያለበትን ምልክት ተጫንኩ። የምለውን አላዘጋጀሁም ነበር።

«ሁዳ።»

ቀና አለች። ድምፁ የመጣው ከበሩ ስለሆነ የመጣሁ መሰላት። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ሻርፗን እያስተካከለች ወደ በሩ ሮጠች። እየቀረበች ስትመጣ ፊቷን አየሁት። ለናሆም የሳቀችው ሳቅ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

በካሜራው ሥር አለፈች። መቀርቀሪያው ተከፈተ።

«ፋዲል?» አለች፣ ከማላያት ቦታ፣ ወደ መንገዱ።

ስልኩ ላይ የቀረው ግቢውና በግማሽ የተበላው ትሪ ነው።