ሁለት ዓይን ያለው ጠፈርተኛ

«እኔ የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነው» አለ አበራ፣ በጣቱ ግድግዳውን እያመለከተ። «ሰማይን ጥቁር የሚቀባ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

የቀበሌው አዳራሽ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። አበራ የቅስቀሳ ኃላፊ ነው፤ ሥዕሉንም ለአብዮት በዓል ያዘዘው ራሱ ነበር። ከታች መሬት፤ በዙሪያዋ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ሰማያዊ መስመር፤ ከዚያ በላይ ድቅድቅ ጥቁር፤ በጥቁሩ መካከል ደግሞ ደረቱ ላይ ቀይ ኮከብ ያደረገ ጠፈርተኛ። ዕድሜውን በጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ ሲሥል የኖረው ገብረ ኪዳን ከቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሟል። ጣቶቹ ላይ ጥቁሩ ቀለም አልለቀቀም።

የሸንጎው ሰብሳቢ አንዳርጋቸው የሳይንስ አስተማሪ ነው። አበራ ክሱ ላይ «ፀረ አብዮት» የሚል ቃል አስገብቷል። ይህ ቃል ከዚህ አዳራሽ ከወጣ የት እንደሚደርስ አንዳርጋቸው ያውቃል። ሚስት ስንቅ ቋጥራ ወደ እስር ቤት ስትመላለስ ትሰነብትና አንድ ጠዋት «ከእንግዲህ አታምጪ» ትባላለች። የሰዓሊው ሚስት እናትዓለም ከፊት ተቀምጣ የአንዳርጋቸውን ዓይን ዓይን ታያለች።

«ጋሼ ገብረ ኪዳን፣ ለምን ጥቁር አደረጉት?» አለ አንዳርጋቸው።

«ጓድ አበራ የሰጡኝ መጽሔት ላይ ጥቁር ነው፤ ያየሁትን ሣልሁ። እኔማ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ብርሃን ነው ስል ነው የኖርሁ። ጥቁር ሆኖ ባገኘው ደነገጥሁ።»

ከኋላ ሳቅ አመለጠ። አንዳርጋቸው እንደ ክፍል ልማዱ ተነሥቶ ቆመ።

«መጽሔቱ አልዋሸም። ሰማያዊ ሆኖ የሚታየን አየሩ ነው። የፀሐይ ብርሃን አየር ውስጥ ሲገባ ይበተናል፤ ከሁሉም ይበልጥ ሰማያዊው ይበተንና ከየአቅጣጫው ወደ ዓይናችን ይመጣል። አየር ካለቀ ግን የሚበትነው የለም፤ ፀሐይ እያለች እንኳ ጨለማ ነው። የምንተነፍሰው ሁሉ ያቺ ቀጭን መስመር ናት።»

«ይህችን ታህል ብቻ?» አለች አንዲት ሴት።

«ይህችን ታህል።»

ሴትዮዋ እንዳያልቅባት የፈራች ይመስል ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።

«ይህ ለትምህርት ቤት ይሁን» አለ አበራ። «ሰፊው ሕዝብ ቆሞ ሲያይ ግን የሚያየው ጥቁሩን ነው። ጥቁር ውስጥ የሚሣለው ማን እንደሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ይህ ሰዓሊ ባለ ቀይ ኮከቡን ወዳጃችንን ሲኦል ነው የከተተው!»

አንዳርጋቸው ተቀመጠ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ሰማዩ ለምን እንደሚጠቁር ሳይንስ ይነግረዋል፤ ሰዓሊው ጥቁሩን ሲቀባ በልቡ ምን እንደነበረ ግን አይነግረውም።

«ሲኦል ብሥልማ ኖሮ በጎኑ አዞረው ነበር» አለ ገብረ ኪዳን።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«በእኛ ሙያ ክፉ ሰው ፊቱን አይሰጥም። በጎኑ ነው የሚሣል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ደጉ ፊት ለፊት ነው፣ ከነሁለት ዓይኑ። ይህን ሰው እስቲ እዩት።»

ሁሉም አየው። ጠፈርተኛው በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ቁልቁል ያያቸዋል።

«ይህን ልማድ የሚያውቅ አለ?» አለ አንዳርጋቸው።

እጁን ያወጣ የለም። የማያውቅ አልነበረም፤ የእናታቸውን ነጠላ ይዘው ሲያስቀድሱ ፊደል ሳይቆጥሩ የለዩት ነገር ነው። አንዳርጋቸውም ያውቃል፤ ግን ዳኛ በሚዳኘው ጉዳይ ምስክር አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ሰው ስም በስብሰባ መነሣት ከጀመረ ወዲህ፣ አበራ ባለበት አውቃለሁ ማለት ቀላል አይደለም።

«እኔ አውቃለሁ» አለ ከበሩ አጠገብ የሐይቁ ዳር ታንኳ ሠሪ ዩሱፍ።

አበራ ዞረ። «ጋሼ ዩሱፍ፣ እርስዎ እስላም አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ለታቦት አዳላ አትሉኝም። ለገዳሙ እንጨት ሳመላልስ ዝናብ ቢይዘኝ መነኩሴው አስጠልሎ የግድግዳውን ሥዕል አሳየኝ። ‹አንድ ዓይን ያለውን ስታይ ሽሽ› አለኝ። የአክስቴ ልጅ ኢስሀቅ አንድ ዓይና ነው፤ እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በሳቁ መሀል አንዲት አሮጊት «እኔም አውቃለሁ» ብለው እጃቸውን አወጡ። ከጎናቸው ሌላ እጅ ወጣ፤ ከዚያ የወንዶቹ፣ ከዚያ የኋላዎቹ። አንዳርጋቸው ግራና ቀኝ ወዳሉት ዳኞች ዞረ፤ ሁለቱም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሸንጎው ጥፋት አላገኘም» አለ።

እናትዓለም አልተነሣችም። አበራ ከፈለገ ነገ ጉዳዩን ይዞ ወደ በላይ አካል ሊሄድ ይችላል። ይህን እሷም አንዳርጋቸውም ያውቃሉ። ሳቁ ቀስ በቀስ ከሰመ፤ ሁሉም አበራን ይጠብቅ ጀመር።

አበራ ወደ ግድግዳው ሄደ። ከመሬቷ ሥር ገብረ ኪዳን የቀበሌውን ሰው በሰልፍ ሥሎታል፤ እግሩ ሁሉ ወደ ቀኝ ይራመዳል። አበራ ሰልፉን ከኋላ ወደ ፊት እየተከተለ፣ እያንዳንዱን ፊት እያየ አለፈ። በየበዓሉ ራሱ አበራ የሚይዘውን ባንዲራ ከያዘው ሰው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ።

የባንዲራ ያዡ እግር እንደ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ይራመዳል፤ ፊቱ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ አበራ ዞሯል፤ ሁለት ዓይኖቹን አፍጥጦ።