የእጅ ልክ

ባሏ ለሥራ ከከተማ በወጣ በሦስተኛው ቀን የጎረቤት በር ተሰበረ። በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ልትገዛ መሣሪያ መሸጫ ገባች። ሲተልቅ ድፍረትም የሚጨምር መስሏት ትልቁን አነሳች፤ ክብደቱ ክንዷን ወደ ታች ጎተተው።

«ይቅርብሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ሻጭ። «ሌባው ሳይወድቅ አንቺ ትወድቂያለሽ። ለእጅሽ አካሉ አነስ ያለው ነው የሚሆን፤ ካሊበሩም፣ የጥይቱ ውፍረት ማለቴ ነው፣ ሠላሳ ስምንት ይበቃሻል። ደግሞስ ትናንት በልክሽ መርጬ ሰጥቼሽ የለ?»

«ትናንት? ለኔ?»

«ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ። ከዚያ ከሳቂታው!»

ሳቂታ ባል ያላት እኔ ብቻ አይደለሁም ብላ ራሷን አጽናናች። ሽማግሌው ግን የእጅ ልክ በእርሳስ የተነደፈበት ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ። እጇን አሳረፈችበት። መቀስ ያጎበጠው አውራ ጣቷ ሳይቀር ልክክ አለ። ሃያ ዓመት ሰው ስትለካ የኖረች ሴት በልክ አትታለልም።

«ለምን እንደፈለግኩት ነግሬዎታለሁ?»

«ረሳሽው እንዴ? ‹እኔን የምትመስል ሴት ቤቴ ገብታ አልወጣም አለችኝ› አላልሽም?»

ወዲያው ባሏ ጋ ደወለች።

«ወዬ የኔ ቆንጆ!»

«የት ነህ?»

«ቤት ነኛ። አሁን ገባሁ፤ ቶሎ ነይ።»

ከኋላው የራሷ ድምፅ «እሷ ናት?» ሲል ሰማች።

«አዎ» አለ ባሏ እየሳቀ፣ ስልኩን በእጁ እንኳ ሳይሸፍን። «እየመጣች ነው።»